የማዋለጃ ክፍል ንድፍ፦ ከግቢው በር እስከ አራስ አልጋ

የሆስፒታል የእናቶች ክፍል ሊሠራ ሲታሰብ ብዙውን ጊዜ መጀመሪያ የሚሳለው ሕንፃው ነው፤ ስንት ፎቅ ይሁን፣ ፊቱ ወዴት ይዙር፣ ስንት ክፍል ይውጣው። መጀመሪያ መሳል ያለበት ግን ምጥ የያዛት ሴት የምትሄድበት መንገድ ነው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት በአምቡላንስ፣ በባጃጅ ወይም በቃሬዛ መጥታ ግቢው በር ላይ ደረሰች እንበል። ከዚያ አንሥተው ልጇን ታቅፋ እስከምትተኛበት አልጋ ድረስ ያለውን መንገድ በአንድ መስመር ይሳሉት። መስመሩ ላይ ስንት ደረጃ፣ ስንት በር፣ ስንት መታጠፊያ እንዳለ፣ ስንት ጊዜ ከአልጋ ወደ አልጋ እንደምትዛወር ይቁጠሩ። ክፍሎቹ በዚህ መስመር ግራና ቀኝ ይደረደራሉ እንጂ መስመሩ በክፍሎቹ መሐል እየተጠማዘዘ መንገድ አይለምንም።

እዚህ የምንከተለው ምሳሌ የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል ነው። እንዲህ ያለው ሆስፒታል በጤና አደረጃጀቱ ከ60,000 እስከ 100,000 ሰው እንዲያገለግል የታሰበ ነው። የሚሠሩት ለሌላ ቦታ ከሆነ ቁጥሮቹን በራስዎ ቁጥር ይተኩ፤ የስሌቱ መንገድ አይለወጥም።

አልጋውን ማስላት

100,000 ሕዝብ ባለበት በሺህ ሰው 32 ወሊድ ብንይዝ በዓመት 3,200 ወሊድ ይጠበቃል። ሁሉም ሆስፒታል አይመጣም፤ ጤና ጣቢያ የሚወልዱ አሉ። ሆስፒታሉ 1,800ውን ይቀበላል ብለን እንነሣ፤ በቀን 5 ገደማ ነው። አንዲት ሴት ከገባችበት ጊዜ ጀምሮ ወልዳ የመጀመሪያው 2 ሰዓት ክትትል እስኪያልቅ 12 ሰዓት ያህል አልጋ ትይዛለች ካልን፣ በየትኛውም ሰዓት ቢታይ በአማካይ 2 ተኩል ሴቶች ምጥ ክፍል ውስጥ አሉ ማለት ነው።

ብዙ ንድፍ የሚበላሸው እዚህች ላይ ነው። አማካዩ 2 ተኩል ከሆነ 3 አልጋ ይበቃል ይባላል። ምጥ ግን ተራ ጠብቆ አይመጣም፤ አንድ ቀን ክፍሉ ባዶውን ይውላል፣ በማግሥቱ 5 ሴቶች በአንድ ሌሊት ይመጣሉ። አመጣጡ እንዲህ በዘፈቀደ መሆኑ ታስቦ ሲሰላ፣ 3 አልጋ ያለው ክፍል ከጠቅላላው ጊዜ ሩብ ያህሉን ሞልቶ ይፈሳል፤ አራተኛዋ ሴት ኮሪደር ላይ ታምጣለች። 5 አልጋ ሲሆን ይህ ወደ 4 በመቶ፣ 6 ሲሆን ወደ 1 ተኩል በመቶ ይወርዳል። ስለዚህ ለ1,800 ወሊድ 6 የምጥና የማዋለጃ ቦታ ያስፈልጋል። ስድስቱም ሁልጊዜ አይያዙም፤ ባዶ መታየታቸው ብክነት አይደለም።

የአራስ ክፍሉ ስሌት ሌላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በምጥ የወለደች እናት ቢያንስ 24 ሰዓት ጤና ተቋም እንድትቆይ ይመክራል። ከ100 ወላዶች 85ቱ በምጥ ወልደው 1 ቀን፣ 15ቱ በቀዶ ሕክምና ወልደው 3 ቀን ቢቆዩ አማካዩ 1.3 ቀን ይሆናል። በቀን 5 ወላድ ሲባዛ 6 ተኩል አልጋ ነው፤ ክፍሉ ከ70 በመቶ በላይ እንዳይጨናነቅ ለ0.7 ሲካፈል ወደ 10 አልጋ ይመጣል። በዚህ ላይ ደም ግፊት፣ ደም መፍሰስ ወይም ያለጊዜው ምጥ ላለባቸው ነፍሰ ጡሮች 4 አልጋ ይጨመር። ክብደታቸው ዝቅ ያለ ሕፃናት በእናታቸው ደረት ላይ ለሚሞቁበት የካንጋሮ ክፍልም 4 አልጋ ያስፈልጋል፤ ከ100 ሕፃናት 5ቱ ለአንድ ሳምንት ቢቆዩ አማካዩ 2 አልጋ አይሞላም፣ ግን እዚህም ቢሆን በአማካይ ብቻ አይታቀድም። ኢንፌክሽን ላለባት እናት የራሱ መጸዳጃ ያለው 1 ክፍል ይለይ።

አንዱ ክፍል በቅርበት

በድሮው አሠራር ሴትየዋ ምጥ ክፍል ታምጥና ልጁ ሊመጣ ሲል ተነሥታ ወደ ማዋለጃው ኮች ትሄዳለች። መራመድ በሚከብዳት ሰዓት ማስነሣት ነው፤ አንዳንዱም ልጅ መንገድ ላይ ይወለዳል። አዲስ የሚሠራ ከሆነ በአንድ ክፍል ታምጥ፣ እዚያው ትውለድ፣ እዚያው የመጀመሪያውን 2 ሰዓት ትረፍ። የማዋለጃ አልጋው ጀርባው ቀና የሚል፣ ታችኛው ክፍሉ የሚወጣ ይሁን።

ስፋቱን ከአልጋው ተነሥተው ይለኩ። አልጋው 2.1 በ0.95 ሜትር ነው። በግራና በቀኝ 1.2 ሜትር ይተዉ፤ አንዱ ለአዋላጅዋና ለግሉኮስ መስቀያው፣ ሌላው ለአስታማሚዋ ወንበር ነው። በግርጌው 1.8 ሜትር ያስፈልጋል፤ ደም መፍሰስ ሲመጣ ሦስት ሰው የሚቆመው እዚያ ነው። የሕፃኑ ማዕዘን ሲጨመር 4 በ4.8 ሜትር ይወጣል። ከዚህ ሲጠብ መጀመሪያ የሚጠፋው የአስታማሚዋ ወንበር ነው። እናቷ ወይም እህቷ አጠገቧ ሆና «ማርያም፣ ማርያም» እያለች እጇን እንድትይዛት ግን ቦታ መኖር አለበት። ሴትየዋ ከመረጠችው ሰው ጋር ማማጧን የዓለም ጤና ድርጅትም ይመክራል፤ ስለዚህ ወንበሩን እንደ ትርፍ ዕቃ አይዩት። ተንበርክካ ወይም ቁጢጥ ብላ ልትወልድ የምትፈልግም አለች። ለእሷ ግድግዳው ላይ በ90 ሳንቲሜትር ከፍታ የሚያዝ ብረት ይተከል፤ የሚታጠብ ፍራሽም በአጠገቡ ይቀመጥ።

የአልጋው እግር ወደ በር አይዙር። በጣም የተለመደ ስሕተት ነው፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር በኮሪደሩ የሚያልፍ ሁሉ ያያታል። ራስጌውን ከበሩ ጋር ጎን ለጎን በሆነው ግድግዳ ላይ ያድርጉት፤ በሩና አልጋው መሐል መጋረጃ ይጨመር። የበሩ ንጹሕ ክፍተት፣ ከጉበኑ ውስጥ ውስጡን ተለክቶ፣ ቢያንስ 1.2 ሜትር ይሁን። በሥራ ሥዕሉ ላይ 1.2 የተባለው ከውጭ ውጭ ሲለካ በእውነቱ 1.1 ሆኖ ይገኝና አልጋው ከነመደገፊያው ይቀረቀራል።

አሁን ወደ ሕፃኑ ማዕዘን እንምጣ፤ ከክፍሉ ሁሉ የበለጠ ማሰብ የሚያስፈልገው ይህ ነው። ሳይተነፍስ የተወለደ ሕፃን በመጀመሪያው አንድ ደቂቃ ውስጥ በአምቡባግ (በእጅ እየተጨመቀ አየር በሚሰጥ ፊኛ) አየር ማግኘት አለበት። የሕፃኑ ጠረጴዛ ሌላ ክፍል ከሆነ ያ ደቂቃ በሩን ሲከፍቱ ያልቃል። ስለዚህ ጠረጴዛው እዚያው ክፍል፣ ከአልጋው ከ2 ሜትር ባልራቀ ቦታ፣ እናትየዋ አንገቷን ዘወር አድርጋ ልታየው በምትችልበት ይሁን። ቁመቱ ከ90 እስከ 100 ሳንቲሜትር ሆኖ በሦስት በኩል የሚቆምበት ቦታ ይኑር። ከላዩ ማሞቂያ፣ ከጎኑ አምቡባግ ከ0 እና ከ1 ቁጥር ጭንብሎች ጋር፣ መምጠጫ፣ ደረቅ ፎጣ፣ የኦክስጅን መውጫ፣ ከ4 ያላነሰ ሶኬት። ፊት ለፊቱ ደግሞ ሰከንድ ቆጣሪ ያለው ትልቅ የግድግዳ ሰዓት። ሰዓቱ በአዋላጅዋ ጀርባ ከተሰቀለ ማንም አያየውም።

ጠረጴዛው መስኮት ሥር አይሁን፣ ጣሪያ ላይ ከተንጠለጠለ ፋን ሥርም አይሁን። እርጥብ ሕፃን በነፋስ ሽው ሲባል ሙቀቱ ቶሎ ይወርዳል። የማዋለጃ ክፍል ሙቀት ከ25 እስከ 28 ዲግሪ ሴንቲግሬድ እንዲሆን ይመከራል። ደብረ ብርሃን ላይ ይህ ማለት በራሱ መስመር የተዘረጋ የክፍል ማሞቂያና ድርብ መስታወት ነው፤ መተማ ላይ ደግሞ ከፍ ያለ ጣሪያ፣ ጥላ ያለው ግድግዳና አየር ከላይ የሚያስወጣ መስኮት ነው። የአንዱን ከተማ ንድፍ ለሌላው መገልበጥ የማይሆነው ለዚህ ነው።

የእጅ መታጠቢያው ከበሩ እስከ አልጋው ባለው መንገድ ላይ፣ በክርን በሚከፈት ቧንቧ። ጥግ ላይ ከተደበቀ ይረሳል። የተጠቀሙበት መሣሪያ እዚያው እንዳይታጠብ በቅርብ ያደፉ ዕቃዎች ማጠቢያ ክፍል ይሠራ፤ ለ6 ክፍል አንድ በመሐል ይበቃል። ይህ ክፍል በበጀት ቅነሳ ቶሎ ይሠረዛል፤ ሲሠረዝ ባልዲው ተመልሶ ማዋለጃው ውስጥ ይገባል።

መጸዳጃው ከክፍሉ ጋር የተያያዘ ወይም ለሁለት ክፍል አንድ ይሁን። የልጁ ጭንቅላት ወደታች ሲገፋ ሴትየዋ ሰገራ የመጣባት ይመስላታል፤ ተነሥታ ትሄዳለች፣ ልጁም እዚያው ሊወለድ ይችላል። ስለዚህ በሩ ወደ ውጭ ይከፈት፤ ወደ ውስጥ የሚከፈት ከሆነ ከበሩ ጀርባ የወደቀችን ሴት ማንም ሊያወጣት አይችልም። ከውጭ የሚከፈት መቀርቀሪያ፣ የሚያዝ ብረት፣ ወለል ድረስ የሚወርድ የጥሪ ገመድ ይግባለት።

ወለሉ ቴራዞ ወይም መጋጠሚያው የተበየደ ቪኒል ይሁን፤ ሴራሚክ ካስገባችሁ ደም በመጋጠሚያው እየሰረገ ይጠቁራል፣ ሲታጠብም ያንሸራትታል። ወለሉ ከግድግዳው ጋር የሚገናኝበት ጠርዝ 10 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ላይ ጎበጥ ብሎ ይውጣ። የወለል ማፍሰሻ ክፍሉ ውስጥ አያስፈልግም፤ ውኃው ሲደርቅ ይሸታል፣ ጀርምም ይይዛል።

ስድስቱ ክፍሎችና የአዋላጆቹ ጠረጴዛ

ሙሉ ግድግዳ ያለው ክፍል ክብር ይጠብቃል፤ ግን ሌሊት ሁለት አዋላጅ ብቻ ባሉበት ሆስፒታል የተዘጋ በር አደጋ ነው። መፍትሔው ስድስቱን ክፍሎች በፈረስ ኮቴ ቅርጽ ጠረጴዛውን ከብበው እንዲቆሙ ማድረግ ነው፤ በእያንዳንዱ በር አጠገብ መጋረጃው ከውጭ የሚከፈትና የሚዘጋ ጠባብ መስኮት ይኑር። ረጅም ኮሪደር ዘርግቶ ክፍሎችን በተርታ መደርደር ለግንባታ ይቀላል፤ ለአዋላጅ ግን የመጨረሻው በር የሌላ አገር ያህል ይርቃል።

ለጠረጴዛው የቀረበው ክፍል ኤክላምፕሲያ (ከደም ግፊት ጋር የሚመጣ የእርግዝና መንቀጥቀጥ) ወይም ከባድ የደም ግፊት ላለባት ሴት ይያዝ። ጨለማና ገለልተኛ ክፍል ይስጧት የሚል የቆየ ልማድ አለ። መንቀጥቀጡን የሚከላከለው ማግኒዝየም ሰልፌት የሚሰጣት ሴት ግን ትንፋሿና ጉልበቷ መታ ሲደረግ የሚሰጠው ምላሽ በየጊዜው መታየት አለበት፤ ጨለማ ውስጥ ትንፋሽ አይቆጠርም። የሚቀንስ መብራት ያድርጉላት፣ ከዓይን ግን አያርቋት። በጠረጴዛው ጎን 60 በ90 ሳንቲሜትር የሆነች ገባ ያለች ቦታ ለድንገተኛ ደም መፍሰስ ጋሪ ትተው፤ ቦታ ያልተሰጠው ጋሪ መጨረሻው መጋዘን ነው። ከወሊድ በኋላ ደም እንዳይፈስ የሚሰጠው ኦክሲቶሲን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ይቀመጣል፤ ስለዚህ ፍሪጁም እዚሁ ይሁን።

ወደ ቀዶ ሕክምና የሚወስደው መንገድ

ድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ከተወሰነ እስከ ተጀመረ 30 ደቂቃ የተለመደው ግብ ነው። ከዚህ ውስጥ ለመንገድ ሊጠፋ የሚገባው ሁለት ሦስት ደቂቃ ቢሆን ነው። ማዋለጃውና ቀዶ ሕክምናው በአንድ ፎቅ፣ ኮሪደሩ ከ50 ሜትር ባይበልጥ፣ በሜዳ የማያልፍ ይሁን። ማዋለጃውን ሁለተኛ ፎቅ አድርጎ በሊፍት መተማመን መብራት በሚጠፋበት ከተማ የሰው ሕይወት በገመድ ማንጠልጠል ነው። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ ራምፕ ይሠራ፤ 1 ሜትር ለመውጣት 12 ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል። ኮሪደሩ 2.4 ሜትር ከሆነ ሁለት አልጋ ይተላለፋል።

የራስ ቀዶ ሕክምና ክፍል ያስፈልጋል ወይ? ከ1,800 ወሊድ 15 በመቶው 270 ነው፤ በቀን አንድ አይሞላም። ከአጠቃላዩ ጋር መጋራት ይቻላል፣ ግን ሁለት ጠረጴዛ ካለና አንዱ ሁልጊዜ ለድንገተኛ ክፍት ከሆነ ብቻ። የሕፃን ማዕዘኑ እዚያም ይደገም።

ውኃ፣ መብራት፣ እንግዴ ልጅ

ለአንድ ወሊድ 100 ሊትር፣ ለአንድ ተኝታ ለምትታከም በቀን ከ40 እስከ 60 ሊትር የዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ነው። 5 ወሊድ 500፣ 18 አልጋ በ60 ሲባዛ 1,080፣ አንድ ቀዶ ሕክምና 100፤ በቀን 1,680 ሊትር። አስታማሚና ልብስ ማጠቢያ ሲጨመር፣ ለሁለት ቀን መጠባበቂያ 5,000 ሊትር ሮቶ ይግባ። ከቧንቧው አፍ ቢያንስ 6 ሜትር ከፍ ብሎ ይቀመጥ፤ ፓምፑ ቆሞም በራሱ ይወርዳል።

የመብራት መስመሩ ከመጀመሪያው ለሁለት ይከፈል። ጄኔሬተሩ የሚይዘው መስመር ላይ የሕፃን ማሞቂያዎች፣ ኦክስጅን ኮንሰንትሬተር (ከአየር ኦክስጅን የሚያጣራ መሣሪያ)፣ መምጠጫ፣ የኦክሲቶሲን ፍሪጅ፣ የቀዶ ሕክምና መብራትና የኮሪደር መብራት ብቻ ይሁኑ፤ ሶኬቶቻቸው ቀይ ይደረጉ። የወጥ ቤቱ ምጣድ እዚህ መስመር ላይ ከገባ ጄኔሬተሩ ይወድቃል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3 ኪሎዋት በላይ ይጎትታል፤ በ600 ዋት የሚሠሩ የስድስቱን ክፍሎች የሕፃን ማሞቂያ በአንድነት ያህላል ማለት ነው። ጄኔሬተሩ እስኪነሣ ላለው ክፍተት የቀዶ ሕክምናው መብራትና መምጠጫ በባትሪ ይደገፉ።

እንግዴ ልጅን ወስዶ መቅበር የሚፈልግ ቤተሰብ ብዙ ነው፤ የማያፈስ ዕቃ ተዘጋጅቶ ይሰጠው። ለቀረው ጉድጓድ ያስፈልጋል። በአንድ ወሊድ ከነፈሳሹ እስከ 5 ሊትር ተብሎ ይታሰባል፤ 1,800 ወሊድ 9 ሜትር ኩብ ነው። 2 ሜትር ስፋት፣ 3 ሜትር ጥልቀት ያለው ክብ ጉድጓድ ይህን ይይዛል። ፈሳሹ ስለሚሰርግና ሌላው ስለሚበሰብስ ከሒሳቡ ዘግይቶ ይሞላል። ሁለት ይቆፈሩ፤ አንዱ ሲሞላ ተዘግቶ ይብላላ። ከውኃ ጉድጓድ 50 ሜትር ይራቅ፤ ከታች እስከ ከርሰ ምድር ውኃው ቢያንስ 2 ሜትር ደረቅ አፈር ይቅር። የኮንክሪት ክዳን፣ የሚቆለፍ አፍ፣ ወንፊት ያለው የአየር ቱቦ ይኑረው። በረኪና አይጨመርበት፤ የሚያበሰብሱትን ተሕዋስያን ይገድላልና ጉድጓዱ ቶሎ ይሞላል።

አራሷ የምትተኛበት

ከአልጋ መሐል እስከ አልጋ መሐል 2.5 ሜትር ይለካ፤ የሕፃኑ አልጋና የአስታማሚዋ ወንበር በመሐል ይገባሉ። ሕፃኑ ከእናቱ ጋር ይደር፤ ለጤነኛ ሕፃናት የተለየ ክፍል አያስፈልግም። ዘመድ አዝማድ «እንኳን ማርያም ማረችሽ» ለማለት መምጣቱ ስለማይቀር ሰፊ በረንዳ ይሠራለት፤ ካልተሠራለት ዋርዱ ውስጥ አልጋ ላይ ይቀመጣል። ገንፎና አጥሚት የሚሠራበት፣ ቡና የሚፈላበት፣ ጭሱ ወደ ውጭ የሚወጣ ማብሰያም ከበረንዳው ጫፍ ይሁን።

ልጇ የሞተባትን እናት ከአራሶች መሐል ማስተኛት ጭካኔ ነው፤ የሚደረገው ግን ሌላ ክፍል ስላልተሠራ ብቻ ነው። የሕፃናት ለቅሶና የቡናው ጫወታ የማይሰማበት፣ ባልዋ አብሯት ሊያድር የሚችልበት፣ በዋርዱ ሳያልፉ የሚወጡበት በር ያለው 1 ክፍል በንድፉ ላይ በስሙ ይጻፍ። በስሙ ካልተጻፈ መጋዘን ይሆናል።

የካንጋሮ ክፍሉ ከጨቅላ ሕፃናት ክፍል ጋር በር ይጋራ። እናቶች እዚህ ለቀናት፣ አንዳንዴም ለሳምንታት ስለሚቆዩ ጀርባው ቀና የሚል አልጋ፣ ሻወርና ልብስ ማጠቢያ ያስፈልጋል።

የሴቶች ተመላላሽ ሕክምናው ከማዋለጃው በር የተለየ መግቢያ ይኑረው። የማሕፀን በር ካንሰር ምርመራና በሙቀት የሚሰጠው ሕክምና በአንድ ክፍል፣ በአንድ ቀን እንዲያልቅ ሶኬትና ልብስ መለወጫ ይግባበት። ጾታዊ ጥቃት ለደረሰባት ሴት የሚውለው ክፍል በሩ ላይ ስም አይለጠፍበት። ከሩቅ ለሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የእናቶች ማቆያ ቤት ከማዋለጃው በእግር በሚደረስበት ርቀት ይሠራል፤ በጉራጌ የአጣጥ ሆስፒታል እንዲህ ያለውን ማቆያ በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. የጀመረ ነው።

ግንበኛ ከመግባቱ በፊት

የአንዱን ክፍል፣ የጠረጴዛውንና እስከ ቀዶ ሕክምና ያለውን ኮሪደር ሙሉ ልክ በኖራ መሬት ላይ ያስምሩ። እውነተኛ አልጋ ያምጡ። ሁለት አዋላጆች፣ አንድ የጽዳት ሠራተኛና እዚያው አካባቢ የወለዱ ሴቶች ገብተው ይራመዱበት፤ አልጋው በመታጠፊያው ሲዞር፣ ሦስት ሰው በግርጌው ሲቆም፣ ባልዲው ወደ ማጠቢያው ሲሄድ ይታይ። የጠበበው በኖራ ሲስተካከል ዋጋው የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ሕንፃው ሲያልቅም ከመረከብዎ በፊት አንድ ሌሊት ዋናውን መብራት ያጥፉና አልጋውን ከማዋለጃው እስከ ቀዶ ሕክምናው እየገፉ ሰዓት ይያዙ፤ የትኛው ቀይ ሶኬት እንዳልሠራ፣ የትኛው በር እንደያዘ ጽፈው ለሥራ ተቋራጩ ይስጡት።